የሽቦ ቅያሬ (ቮልስዋገን ቢትል)

ያረጀውን የመኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል አውጥቶ በአዲስ የመተካት ሥራ። በኢትዮጵያ «ቮልስ» በሚባለው ቢትል፣ የሽቦው ልባስ በዕድሜና በሞተር ሙቀት ይደርቃል፤ ሲሰነጠቅ ሽቦዎቹ ተነካክተው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። የቀድሞዎቹ ቢትሎች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ። በ6 ቮልት ለተመሳሳይ ኃይል እጥፍ ከረንት ስለሚያልፍ ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል።

ሥራው የሚጀመረው ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለውን ባትሪ በመንቀል ነው። በየጫፉ ምልክት ከተደረገ በኋላ አዲሱ ሽቦ ከአሮጌው ጋር ታስሮ ይሳባል። በጀርመን የሽቦ ማገናኛዎች ቁጥር አሰጣጥ 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 በቁልፍ የሚበራ፣ 31 ደግሞ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝ) ነው፤ የማሳ ሽቦ ቀለሙ ቡናማ ነው። ባትሪው የሚመለሰው ፊውዞቹና ማሳዎቹ ከተፈተሹ በኋላ ነው።