የሸክላው ገጣሚ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲተረክ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ፈር ቀዳጅነቱ ሳይወሳ አይታለፍም፤ ይገባዋልም። በዚያው ሰሞን የአውቶሞቢል ሙያ ሊማሩ ጀርመን የሄዱት ተሰማ እሸቴ (ኋላ ነጋድራስ) ግን ከሙዚቃ ታሪክ ወጥተው በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ እምብዛም አይነሡም። በርሊን ሳሉ ማሲንቆ እየመቱ ያንጐራጐሩት ግጥም በሸክላ ተቀርጿል፤ ድምፁ በሸክላ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚታወቁትም በዚሁ ነው።

እኔ በበኩሌ ሚዛኑ የተዛባው ሥነ ጽሑፍን በኅትመት ብቻ ስለምንለካ ይመስለኛል። («አዝማሪ» የሚለው ስም በንቀት መነገሩም ሳያግዝ አልቀረም፤ ተሰማ ግን የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ።) ኅብረ ቃል በወረቀት ላይ ሲሰፍር አንባቢ ተመልሶ ይመረምረዋል። በክዋኔ ግን ቃሉ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል፤ ቃሉ የት ላይ እንደሚጠብቅና እንደሚላላ፣ ማሲንቆው የት ላይ ፋታ እንደሚሰጥ የሚወስነው ከያኒው ነው። ወርቁን ለአድማጭ የሚያቀብለውም ይኸው ውሳኔ ነው። የታተመው ግጥም ይህን አይነግረንም። ሸክላዎቹ በ2011 እ.ኤ.አ. «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት 27ኛ ቅጽ ሆነው ዳግም ወጥተዋል፤ የግጥም ኮርሳችን ከመጽሐፉ ጎን ሊያስደምጣቸው ይችላል።