የከዚራ የድንጋይ ቤቶች፦ የባቡር ሠራተኛው ቤት ለምን ይጠበቅ?

ለንግድ ድሬዳዋ የምንመላለስ ሁላችንም ከዚራን እናውቃታለን። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿንና የዛፎቿን ጥላ እንወዳለን። ከዛፎቹ ሥር ያሉትን፣ በረንዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸውን አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ግን ልብ ብለን የምናያቸው ጥቂቶች ነን። ስለ ባቡሩ ሲወራ የንጉሡና የመሐንዲሱ ስም ይነሣል፤ የሠራተኛው ስም ብዙም አይነሣም። ከሠራተኛው የቀረልን ምስክር ቤቱ ነው።

ከባቡሩ በፊት የሐረር ንግድ በግመል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ በ1897 ሥራው ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመድረስ ነበር። ተራራው ግን ለሀዲድ የማይመች፣ ወጪውም የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገና በ1902 መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ ደረሰ። ከተማዋ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሏም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሀዲዱ ከዚያ ቶሎ አልቀጠለም። ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ መንግሥታትም ተጨቃጨቁ፤ በኋላ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። የጥገናው ወርክሾፕ፣ መጋዘኑና የሠራተኛው መኖሪያ እዚያ የተተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው መንገድ ላይ ያለ ጣቢያ ሲሆን፣ ድሬዳዋ ግን ባቡር የወለዳት ከተማ ሆነች። ከደቻቱ በአንድ በኩል ኩባንያው በመስመር የቀየሳት ከዚራ፣ በሌላው በኩል ነጋዴው እንደየአቅሙ የሠራት መጋላ አደጉ።

ቤቶቹ በድንጋይ መሠራታቸው ለጌጥ አልነበረም። ድሬዳዋ ሞቃት ናት። ወፍራም የድንጋይ ግንብ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ከፍ ያለው ጣሪያ ትኩስ አየሩን ከሰው ራስ ያርቃል፤ በረንዳውም ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትመታ ይከላከላል። ድንጋይ ምስጥ አይበላውም። ማያያዣው ኖራ ስለሆነ ግንቡ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል። ማራገቢያ ባልነበረበት ዘመን ሰው ከሥራ ገብቶ የሚያርፍበት ቤት እንዲህ ነበር።

ሀዲዱን የዘረጉትና በኋላም ባቡሩን ያንቀሳቀሱት ከብዙ አገር የመጡ ናቸው፦ ሱማሌው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ከየመን የተሻገረው ዐረብ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ዛሬም ጣቢያውን «ለገሃር» እንላለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ እንደወረዱ መጻሕፍት ይነግሩናል። ያንን ባቡር የነዳው፣ መስመሩን የጠበቀው፣ ከሰሉን የጨመረው ሠራተኛ የት ይኖር እንደነበር ግን የምንጠይቀው ቤቶቹን ነው።

ለእኛ ለነጋዴዎች ደግሞ ይህ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። ቡናውና ቆዳው ወደ ወደብ ሲወርድ፣ ጨርቁና ልዩ ልዩ ሸቀጡ ወደ ላይ ሲወጣ የኖረው በዚህ 784 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ነው። ከእናቶቻችን ስንቶቹ በፉርጎ ውስጥ በጆንያ ላይ ተቀምጠው ልጅ አሳድገዋል! ፉርጎው ይንቀሳቀስ የነበረው በእነዚያ ቤቶች በሚያድሩ ሰዎች ጉልበት ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ሰፊ ሀዲድ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አሮጌው መስመር ከተዳከመ ወዲህ የሠራተኛው ሰፈርም ባለቤት እንደሌለው ዕቃ እየታየ ነው።

ችግሩን አናቃልለውም። ጣሪያው የሚያፈስበት ቤተሰብ «ቅርስ ነው፣ አትንካው» ብቻ ቢባል አይጠግብም። መሀል ከተማ ያለ ቦታም ውድ ነው፤ ፎቅና መጋዘን የሚፈልገው አንዳንዴ ከእኛው መካከል ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የፈረሰ ጥርብ ድንጋይ በብሎኬት አይተካም። ሐረር ጀጎል በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተቆጠረለት መስጊዱና በሩ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚኖርበት ቤትም ተቆጥሮለታል። ሰው እየኖረበትም ቅርስ መሆን እንደሚቻል ከጎረቤታችን እናያለን።

ጥገናውም ቢሆን ዕውቀት ይፈልጋል። አሮጌውን የኖራ ግንብ በሲሚንቶ መለሰን የብዙዎች ልማድ ነው፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ድንጋዩን ያስፈረፍራል። በኖራ መጠገን ይሻላል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። ስለዚህ መዶሻ ከማንሣት በፊት የከተማውን የባህል ቢሮ መጠየቅ ደግ ነው።

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። አባቱ ወይም አያቱ የባቡር ሠራተኛ የነበረ ሰው የድሮ መታወቂያውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ፎቶውን አይጣል። ቤቱ ውስጥ ማን እንደኖረ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፣ ድምፃቸውንም በስልካችን እንቅረጽ። ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የምንዋዋል ደግሞ ግንቡን ሳናፈርስ ሱቅ ወይም ማረፊያ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አስቀድመን እናስብ። ወፍራሙ ግንብና ሰፊው በረንዳ ለሸቀጥም ለእንግዳም ይመቻሉ። መንገዱን ያቀናልን ሰው ቤት እንዲቆም ማድረግ ከነጋዴ የሚጠበቅ ውለታ መመለስ ነው።