በበረዶ አገር የተጻፈ የአየር መዝገብ

ወደ ሰሜን ዋልታ ስለ ተጓዙት ሰዎች ስናነብ አስቀድመን የምንጠይቀው ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ ነው። የአውስትሪያ ሁንጋሪያ የባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ካርል ቫይፕሬሽት ግን ይህን እሽቅድምድም አልወደደውም። ከ1872 ጀምሮ (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) መርከቡን በረዶ ይዞበት ሁለት ዓመት ያህል ተቸግሯል። በ1875 ያቀረበው አሳብ፥ መንግሥታት በየስፍራው ጣቢያ አቁመው በአንድ ጊዜና በአንድ ዐይነት ደንብ የአየሩን ጠባይና የምድርን መግነጢስ እንዲመዘግቡ ነበረ። አንዲት መርከብ ብቻዋን የጻፈችው ከሌላ ጋር ካልተነጻጸረ የነፋሱን መነሻና መድረሻ አይገልጥምና። እሱ በ1881 ሞተ፤ አሳቡ በ1882 እና በ1883 ተፈጸመ።

ለዚሁ ሥራ አሜሪካዊው የመቶ አለቃ አዶልፈስ ግሪሊ 24 ሰዎች አስከትሎ በ1881 በኤልስሚር ደሴት ሰፈረ። እርግጥ እነሱም ከውድድሩ አልራቁም፤ በ1882 ሦስቱ እስከ 83 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ዘለቁ። ይህን ናንሰን በ1895 አለፈው፤ በጣቢያው የተጻፈውን የብርድ ልክ ግን ሊቃውንት በኛም ዘመን ያመሳክሩታል።

ሊረዷቸው የተላኩት መርከቦች በ1882ም በ1883ም ሳይደርሱላቸው ቀሩ። በጀልባ ወደ ደቡብ ሲሸሹ መዝገባቸውን ይዘው ወጡ። እኛን ከሁሉ የሚያስደንቀን የፔንዱለሙ ነገር ነው፤ ግሪሊ ሸክሙ ይቅለልላችሁና ተዉት ቢላቸው፥ ሰዎቹ አንጥለውም አሉ። ከዚያ በኋላ በኬፕ ሳቢን ረኀብ ፈጃቸው። በሰኔ ወር 1884 ሰባት ሰዎች በሕይወት ተገኙ፤ አንዱም አገሩን ሳያይ ሞተ። መዝገቡ ግን ዳነ።