የጋይንት ቤተ ልሔምና የትንሹ ካሜራ ብርሃን

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የፎቶግራፍ ታሪክ በአመዛኙ የደጅ ብርሃን ታሪክ ነው፤ ከተማዋ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የቀኑ ፀሐይ ብርቱ ቢሆንም፣ የአካባቢው ታላቅ የሥዕል ሀብት የሚገኘው ግን ፀሐይ በማይደርስበት በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው። ክብ ሆኖ በታነጸ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ የሚሳለው በአራት ማዕዘኑ መቅደስ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ተመልካቹም የሚያየው ቅድስት በተባለው ጠባብ ዙሪያ ቆሞ፣ በበሮቹ በኩል በምትገባ ጭላንጭል ነው።

ቀደምቶቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ጨለማ ሊደፍሩት አይችሉም ነበር። በእነርሱ ዘመን መስታወት ላይ የተቀባው ኬሚካል ሳይደርቅ ምስሉ ተነሥቶ መታጠብ ስለነበረበት፣ ጨለማው የሚጠይቀውን ረጅም ጊዜ መጠበቅ አይቻልም ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት አንሺዎችም መንገዳቸው በትግራይ በኩል ወደ መቅደላ ስለነበር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 አቃጥለው የለቀቋትን ደብረ ታቦርን አልረገጧትም።

በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ጎብኚ በዚሁ በደቡብ ጎንደር በምትገኘው በጋይንት፣ በክብ የሣር ቤት ውስጥ ተሸፍኖ የቆመውን ጥንታዊውን የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አይቶ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ፤ ለድጓ ተማሪዎችና ለመምህራኑ ግን ደብሩ ከቶ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን 35 ሚሊሜትር ፊልም የሚወስዱ ትንንሽ ካሜራዎች ከ1925ቱ ላይካ ወዲህ እየተስፋፉ ሄደው ነበር። ችሎታቸውን የሚወስነው ግን የሌንሱ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ የሚገለጸው ኤፍ በተባለ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። በ1967 የወጣው ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ኤፍ 2.8 ሌንስ ነበረው፤ ብርሃን ሲያንሰው ግን ቀይ ምልክት አሳይቶ መዝጊያውን ስለሚቆልፍ ከቅድስት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነበር። በ1966 የወጣው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 በአንጻሩ ኤፍ 1.7 ሌንሱ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባ ነበር፤ መዝጊያውም እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ሊቆይ ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ ብርሃን ማስገባት ብቻውን አይበቃም። ሌንስ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከመካከሉ ይልቅ ጠርዞቹ ይደበዝዛሉ፤ የግድግዳ ሥዕል ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በቅዱሳን የተሞላ ስለሆነ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ቦታውም ይጠብባል፦ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ርቆ በ40 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያነሣ ሰው በወርድ የሚይዘው 1.8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፍላሽ ቢጨመር ቀለሙ ያንጸባርቃል፣ የሥዕሉም ጥልቀት ይጠፋል። የፊልሙ የብርሃን ስሜት 400 ሆኖ በሻማ ብርሃን ብቻ ቢነሣ ኤፍ 2.8 ላይ ስምንተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህም በእጅ ተይዞ ለሚነሣ ምስል መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በሦስት እግር ማቆሚያ ተደግፎ ኤፍ 8 ላይ አንድ ሰከንድ ቢሰጠው ግን ጠርዙ ሁሉ ጥርት ይላል። ስለዚህ ከጨለማው ጥሩ ምስል ያወጣው ከውድ ሌንስ ይልቅ ትዕግሥትና ማቆሚያ ነው ማለት ይቻላል።

የአንድ ደብር የሣር ክዳን በቆርቆሮ ከመተካቱና ግድግዳው እንደ ገና ከመሳሉ በፊት የተነሣ ፊልም በቤቱ ያለ ሰው፣ የደብሩን ስምና ዓመቱን ጽፎ ከእርጥበት ርቆ በሚቀመጥበት ስፍራ ያኑረው።