የተርሚናሉ ፎንትና የፊደላችን ስፋት



በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎች የጎጃም ደብሮች ሲሠራበት በኖረው የብራና ሙያ፣ ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ በወስፌ ወግቶ ያሰምራል፤ ከዚያም ይጽፋል። መስመሩ የሚለካው ሊጻፍ በታሰበው ፊደል መጠን ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደተገለበጠ ይመለከታል።

መጀመሪያ የገለበጠው የጽሕፈት መኪና ነው። በተለመደው የላቲን መኪና ላይ ያሉት ምልክቶች መቶ አይሞሉም፤ መሠረታዊው ፊደላችን ግን 33 በ7፣ 231 ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የደከሙት ፊደሉን ገላና ቅጥያ አድርጎ በመክፈል ከመኪናው ለማስማማት ነበር።

ሁለተኛው ተርሚናል ነው። የሊኑክስ ተርሚናል የቴሌፕሪንተር ወራሽ በመሆኑ መስኮቱ እኩል ስፋት ባላቸው ሣጥኖች ተከፍሏል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትሙ ለፊደላችን የኮድ ቁጥር ሰጠው፤ ቁጥር ግን መልክ አይደለም። በብዙ ሊኑክሶች በነባሪነት የኖረው ዴጃቩ ሳንስ ሞኖ የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ የሚዋስበት ካጣ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ቢያገኝም ለ«ጪ» የሚሰጠው ቦታ ለቀጭኑ የላቲን «አይ» ከሚሰጠው አይበልጥም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ባዶ ሣጥን ያየ ተማሪ ጉድለቱ የፊደሉ ይመስለዋል፤ የመንደሩን ስም ሳይቀር በላቲን መመዝገብ ይጀምራል። ያ መረጃ ነገ ሲፈለግ «ተ» ይሁን «ጠ»፣ «ሀ» ይሁን «ሐ» መለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው ሁለት እርምጃ አለው። አንደኛ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መጫን፤ ባዶው ሣጥን በዚህ ይጠፋል። ሁለቱም ግን ለእኩል ስፋት የተሣሉ ስላልሆኑ ሆሄያቱ ሊጣበቡ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለተኛ፣ በግኖም ተርሚናል ምርጫዎች ውስጥ የራስን ፕሮፋይል ከፍቶ የሣጥኑን ስፋት መጨመር ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሳያውቀው ወደ ቁም ጸሐፊው ሥርዓት ተመልሷል፤ መስመሩን ለፊደሉ አስፍቷልና።

የሚቀረው ሥራ ለተርሚናል የሚስማማ፣ ስፋቱ እኩል የሆነ የግዕዝ ፎንት አሳምሮ መሣል ነው። የአቢሲኒካ ፈቃድ ማሻሻልን ይፈቅዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ፕሮግራም የሚማረው ወጣትና ብራና የሚፍቀው ጸሐፊ ሩቅ አይደሉም፤ እስካሁን በአንድ ጠረጴዛ አልተቀመጡም እንጂ።