ጉለሌ፦ ከማገዶ ጫካ እስከ እጽዋት ማዕከል

የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ሰንሰለት ተዳፋት ላይ 705 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ተራራው ቀድሞ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅልበት ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከተማው እየሰፋ ማገዶው ተመናመነ፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ተደረሰ። ችግሩን ያቃለለው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁል ለሚወርዱ እናቶች የባሕር ዛፉ ጫካ የዕለት እንጀራ እንጂ መናፈሻ አልነበረም። እርጋታ የሚሻው ሰው የሚወጣው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጸበል ነበር፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ አገር በቀል ዛፍ የተረፈውም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው።

ማዕከሉን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ በምሥረታው ጉልህ ድርሻ ካላቸው አንዱ የእጽዋት ሊቁ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢነሣ ተዳፋቱ በጎርፍ ይሸረሸራልና አገር በቀሉ የሚተካው ደረጃ በደረጃ ነው። ከምርምሩና ከትምህርቱ ጎን ለጎን ማዕከሉ ከከተማው ግርግር ዞር ብለው በእግር መንሸራሸር ለሚሹም ክፍት ሆኗል።