የአባቴ ስም እንግሊዝኛ ሆነ ወይ? የፊደላችንና የኮምፒዩተር ታሪክ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ኮምፒዩተር ችግር ነው። ችግሩ ግን ከፊደላችን ታሪክ የመጣ ስለሆነ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ፤ የምውለውም እዚህ አሽዶድ፣ አድ ሃሎም አካባቢ ካሉ ቤተሰቦች ጋር ነው። (አድ ሃሎም በዕብራይስጥ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ነው። ስሙ በ1948 ጦርነት የግብፅ ሠራዊት ግስጋሴ ከቆመበት ድልድይ ጋር የተያያዘ ነው። ባቡር ጣቢያውን የምታውቁ፣ ስሙን ሰምታችኋል።) በቅርብ ጊዜ የገቡ አንዲት እናት ከጎንደር የተላከላቸውን ሁለት ፋይል ይዘው ወደ እኔ መጡ። አባታቸው ከማረፋቸው በፊት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ እስከ ሰባት ትውልድ የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው በኮምፒዩተር ያስጻፉት ነው። ወረቀቱ ጠፍቷል። የቀረው ይኸው ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ስከፍት የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደበላልቆ ወጣ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ የአባቴ ስም እንግሊዝኛ ሆነ ወይ?» አሉኝ። ቀደም ብለው ያሳዩት ሰው «ተበላሽቷል፣ ይጣሉት» ብሏቸው ነበር።

አልተበላሸም ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማስረዳት ከጽሕፈት መኪና ልጀምር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል። መኪናው የተሠራው ጥቂት ፊደል ላላቸው ቋንቋዎች ነው፤ የእኛ ግን 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋና ጓ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ የፊደሉ ግንድ ይመታና ቅጥያው ለብቻው ይጨመርበታል። በዚያ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከግንዱ ፈንጠር ብሎ መቅረቱን ያስታውሳል።

ኮምፒዩተርም ሲመጣ ያው የቦታ ጥበት ገጠመን። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት፣ ማለትም አንድ የፊደል ዓይነት፣ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ለራሱ የተያዘ ነው። ከ300 በላይ ፊደል በዚያ አይገባም። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍስሐ አጥላው ሞድኤት የተባለ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንድና ቅጥያ አደረገው። ሁሉም ግን አማርኛውን ያስቀመጡት በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ብቻ ነው የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው። ወንበሩንም ሁሉም እንደየራሱ ስለደለደለ፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ነገር ይሆናል። እነዚያ ሰዎች ያለ ማንም እርዳታ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ተስማምተው አንድ ድልድል ቢያወጡ ኖሮ ግን የስንቱ ሰው ሰነድ በዳነ ነበር።

በዚህ መካከል ዩኒኮድ የሚባል የዓለም ስምምነት መጣ። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ዕብራይስጥ በመጀመሪያው እትም፣ በ1991፣ ገባ፤ ኦፕሬሽን ሰሎሞን የተካሄደበት ዓመት ማለት ነው። የእኛ ፊደል የገባው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1999 ሲሆን፣ 345 ምልክቶች ተመዘገቡለት። አሌፍ 1488 ቁጥርን ሲይዝ፣ ሀ 4608ን ያዘ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2007 ለገበያ ባወጣው ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለ የአማርኛ ፎንት አብሮ ሰጠ። ይሁን እንጂ ብዙ መሥሪያ ቤትና ጸሐፊ በለመደው ፎንት መጻፉን ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል።

እንግዲህ ይህን ካወቅን በሽታውን በመልኩ መለየት እንችላለን። ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ከታየ፣ ፊደሉ አለ፤ የጎደለው ፎንት ነው፤ ፎንቱን ማስገባት ይበቃል። የላቲን ዝብርቅርቅ ከታየ፣ ጽሑፉ የድሮ ነው። ያን ጊዜ ኒያላን ቢመርጡለት አይፈታም። ፋይሉ የዎርድ ከሆነ ጽሑፉ ላይ ጠቅ አድርጉ፤ ከላይ ባለው ሣጥን የቀድሞው ፎንት ስም ይወጣል። ያንኑ ፎንት ከላኪው ጠይቁ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ ግን ከባዱ እሱ ነው፤ ፊደሉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፣ ከፋይሉ ውስጥ ተመልሶ አይወጣም። ከሁሉ በፊት ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂ አስቀሩ። ወደ ዘመድ ስትልኩም በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፤ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ አገር ኮምፒዩተሩ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጽፍ፣ አማርኛ ስትጽፉ የጥያቄ ምልክቱ ወደ ማዶ ቢዘልባችሁ አትደንግጡ። ዎርድ ላይ ኮንትሮልንና የግራውን ሺፍት አብራችሁ ስትጫኑ መስመሩ ይስተካከላል። ልጆቻችሁም ሻሎም ብለው ጽፈው «ኤ፣ ኬይ፣ ዩ፣ ኦ» ቢወጣባቸው ማሽኑ አልታመመም፤ የቁልፍ ሰሌዳው እንግሊዝኛ ላይ ነበርና አልትንና ሺፍትን ይጫኑ።

ወደ እማማ ልመለስ። የፎንቱን ስም አገኘን፤ ጎንደር ያለ ዘመድ ፈልጎ ላከልን። ስናስገባው ያ የዶላር ምልክት ሁሉ አምስት ስም ሆነ፤ ከአባታቸው ጀምሮ ወደ ላይ። እማማ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው አንድ በአንድ አስነበቡኝ። ሁለተኛው ገጽ ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። አንድ የወንድም ልጅ ለማገዝ ብሎ በኖትፓድ እንደ አዲስ ጽፎት ነበር፤ ሲያስቀምጠው ማሽኑ «አንዳንድ ፊደል ይጠፋል» ብሎ ሲያስጠነቅቀው እሺ ብሎ አለፈው፣ የድሮውንም ደመሰሰው።

ስድስተኛውን እማማ ራሳቸው ያውቁታል፤ ጻፍኩት። ለሰባተኛው ጎንደር ወዳሉት አክስታቸው ስልክ ተደወለ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው አክስትየው ስሙን ጮክ ብለው ተናገሩ፤ እማማም «ቆይ፣ በ‹ሐ› ነው በ‹ኀ›?» ብለው ጠየቁ።